ሐኪሙ የተናገረው፣ እኔ ያስቀረሁት

እትዬ ዘነቡ፣

ከሁሉ አስቀድሜ አቤቱታ አለኝ። የጎረቤታችን የሐዋ ፍየል የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላቴን በላችው። የባቡር ጣቢያው ሹም አገሩ ሲገባ የተወልኝን፣ አንቺ የጨርቅ ሽፋን የሰፋሽለትን ያንን ወፍራም መጽሐፍ። የባልዲ ውሃ ተደፍቶበት ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ ፊቴን ታጥቤ ስመለስ እመቤቲቱ ከኋላ ጀምራ ሲሶውን ጨርሳዋለች። ለሐዋ ስከሳት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "እንግዲህ ፍየሌ ፈረንሳይኛ ከተማረች፣ ከዛሬ ጀምሮ ማዳም ብለህ ጥራት።" ሰፈሩ ሁሉ ሳቀብኝ። አንቺ ብትኖሪ መጀመሪያ ከእነሱ ጋር ትስቂ ነበር፤ ቀጥሎ ደግሞ ነጠላሽን አጣፍተሽ ሐዋን ደጇ ድረስ ሄደሽ ትቆጪልኝ ነበር።

ከተለየሽን ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ መስመር ሳልጽፍልሽ ቆይቼ ዛሬ ስለ ፍየል መነሳቴ አይገርምሽም። ታናሽ ወንድምሽን ታውቂዋለሽ። ድሬዳዋ እያለን አንቺን ሊጠይቁ የመጡትን ሽማግሌዎች ጫማ ጥንድ ጥንዱን አቀያይሬ በክር ያሰርኩ፣ ሰዎቹ ሲወጡ እየተደናቀፉ ግቢው ሁሉ ሲስቅ፣ አንቺ ግን ከጓዳ ሆነሽ ያለቀስሽብኝ እኔ ነኝ። ከባድ ነገር ሲመጣ ከፊቱ አንድ ቀልድ ካላስቀደምኩ በሩን ማለፍ አይሆንልኝም።

ቤቱ እንዳለ ነው። የጅቡቲ ሰፈራችን ካርቲየ ሰባት ቢስ እንደተውሽው በሰውና በሙቀት ተጨናንቋል። በሩን ሰማያዊ አስቀባሁት፤ ቀለም ቀቢው አንድ ጎኑን ረስቶት ስለሄደ ከመንገድ ሲታይ ሰማያዊ፣ ከውስጥ ሲታይ የድሮው አረንጓዴ ነው። የስፌት መኪናሽ ሰናይት ዘንድ ናት፤ ዘይት ትቀባታለች እንጂ ብዙም አትሰፋባትም። ባቡር ጣቢያው ጭር ብሏል፣ ሐዲዱን አሸዋ ሸፍኖታል። ከከተማው ወጣ ብሎ ቻይናዎች አዲስ ሐዲድ እየዘረጉ ነው ይላሉ። እኔም እንደ ድሮው ጠዋት ጠዋት ወደብ በር አጠገብ ካለችው ጠረጴዛዬ ተቀምጬ ለእኛ አገር ሾፌሮች የፈረንሳይኛ ወረቀታቸውን አነብላቸዋለሁ። ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ ሰው፣ ከጭነት ደረሰኝና ከአሮጌ ጋዜጣ ለቃቅሞ በተማረው ቋንቋ "አስተርጓሚው ጋሼ" እየተባለ ይከበራል። አንቺም ትኮሪብኝ ነበር። ለመጣ እንግዳ ሁሉ "ወንድሜ ፈረንሳይኛውን እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው" ትይ ነበር።

እትዬ፣ እንግዲህ ፍየሏን እንተዋት። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዚያው ፈረንሳይኛ ስለሠራሁት ነገር ነው። እስከ መጨረሻው ስታነቢው እንደ ልጅነታችን ጆሮዬን መቆንጠጥ ያምርሽ ይሆናል። ይገባኛል።

ልጅሽ ሰናይት ዛሬም አልወለደችም። የዛሬ ሁለት ሳምንት የመጨረሻው ዙር መርፌም ሳይሠራ ቀረ። ባሏ ንጉሤ እንደ ልማዱ ከጭነት መኪናው ጋር መንገድ ላይ ስለነበር ውጤቱን የሰማችው ብቻዋን ነው። ከክሊኒኩ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። አላለቀሰችም። የተረፉትን የመርፌ ብልቃጦች ከነካርቶናቸው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና "ጋሼ፣ ይህ ሐኪም ሥራውን አያውቅም። አራት ዓመት ሙሉ ተጫወተብኝ። ንጉሤ አዲስ አበባ አንድ ክሊኒክ ጠይቆ መጥቷል፣ ሐኪሞቹ በአማርኛ ነው የሚያነጋግሩት። እንቀይር ወይስ እዚሁ እንቆይ? ከመጀመሪያው አብረኸን የነበርከው አንተ ነህ፤ አንተ ያልከንን እናደርጋለን" አለችኝ።

ደጋግማ የሰደበችው ሐኪም አንድም ጥፋት የለበትም፣ እትዬ። ጥፋተኛው ፊቷ ተቀምጦ ብልቃጥ ይቆጥር ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን ልንገርሽ። ለአንቺ ያኔ የነገርኩሽ እውነቱን አይደለም።

ሐኪሙ ሽማግሌ ሰው ነው፣ ከፈረንሳይኛ በቀር ሌላ አያውቅም። ሰናይት ከድሬዳዋ ይዛው የመጣችው ሶማልኛ ከነርሷ ጋር እንጂ ከእሱ ጋር አላግባባትም፤ ንጉሤም የሞጆ ልጅ ነው። ስለዚህ እኔ መሐል ተቀመጥኩ። ጥያቄው በሰናይት ተጀመረ። የወር አበባዋ መቼ እንደጀመረ፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ እንደሚያማት እንደማያማት፣ ከባሏ ጋር በሳምንት ስንት ጊዜ... ሁሉን ጠየቀ፣ ሁሉን ተረጎምኩ። ጣሪያውን እያየሁ ነው፣ ግን ተረጎምኩ። እሷ አንገቷን ደፍታ በሹክሹክታ ትመልሳለች፣ እኔ ጮክ አድርጌ በፈረንሳይኛ እደግመዋለሁ። እንዲያውም ጥሩ ቃል ባገኘሁ ቁጥር በልቤ ኩራት ቢጤ ይሰማኝ ነበር። የልጅሽን ገመና ሁሉ አንድ ሳይቀር እንዲያ ዘረገፍኩት።

ከዚያ ሐኪሙ ወደ ንጉሤ ዞረ። ከማንኛውም ሕክምና በፊት የባልየው ዘር መመርመር አለበት አለ። የምርመራ ወረቀት ጻፈ፣ ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ አወጣ፣ እንዴት ተደርጎ እንደሚሰጥ አንድ በአንድ አስረዳኝና "ንገረው" አለኝ።

ቃሉ ጠፍቶኝ አይደለም። ፍየሏ መጽሐፉን የበላችው ያለፈው ሳምንት ነው፤ ያን ጊዜ ገጹ ሁሉ ሙሉ ነበር፣ ቃሉንም አሳምሬ አውቀው ነበር። ቀና ብዬ ንጉሤን አየሁት። ሰናይት ከልጅነቷ ጀምሮ አንተ ትለኛለች፤ እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ ከእርስዎ ወርዶ አያውቅም። እኔ ፊት እግሩን አጣጥፎ አይቀመጥም። ሽማግሌ ሲልክ የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ በሠርጉ ቀን በአባቷ ቦታ ቆሜ እጇን የሰጠሁት እኔ ነኝ። አሁን ይህንን ሰው ኩባያ አቀብዬ፣ ዞር በልና እንዲህ አድርገህ አምጣ ልለው ነው? ያውም እሷ እየሰማች? በማንም ላይ፣ በሬሳ ቤት እንኳ ሳይቀር የሚቀልድ ሰው፣ አንዲት ተራ የሕክምና ነገር መናገር አቃተው።

ሐኪሙ ይጠብቃል። ልጆቹ ይጠብቃሉ። እኔም እንዲህ አልኩ፦ "ቫይታሚን ውሰዱ፣ ሥጋም ብሉ፣ አትጨነቁ ይላል። ንጉሤንማ አይቶት እሱ እንኳን የሰው፣ የኮንቴይነርም አባት ይሆናል አለ።" ሳቁ። ሰናይት እንኳ ቀና ብላ ሳቀች። ሲስቁ ያየ ሐኪም መልእክቱ በሰላም የደረሰ መስሎት እሱም ፈገግ አለ። ወረቀቱንና ኩባያዋን ኪሴ ከተትኩ። ውጭ ስንወጣ ንጉሤን ለብቻው ወስጄ፣ እንደ ወንድና ወንድ፣ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ውጭ ስንወጣ ግን መኪናው ከከተማው ውጭ ከጭነት መኪኖች ማቆሚያው ከፒኬ ዱዝ ቆሞ ስለሚጠብቀው ሮጠ። በሚቀጥለው ምልልሱ እነግረዋለሁ አልኩ። በሚቀጥለው ምልልሱም ሌላ ሰበብ አላጣሁም።

ይህን እንኳ ብዙ ሰው ሊሳሳተው ይችላል። የባሰው ቀጥሎ ያለው ነው። ከወር በኋላ እኔና ሰናይት ተመልሰን ስንገባ ሐኪሙ ገና ሳንቀመጥ "የባልየው ውጤት የታለ?" አለኝ። ሰናይት አጠገቤ ናት፣ ምን እንዳለ አልገባትም። እኔም ያለ ምንም ማመንታት "አዲስ አበባ አስመርምሯል፣ ደህና ነው፣ ወረቀቱ እዚያ ቀርቷል" አልኩት። በጥሩ ፈረንሳይኛ ነው ያልኩት። ሐኪሙ መዝገቡ ላይ "ባል፦ ደህና" ብሎ ጻፈ። ሲጽፍ አየሁት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ችግሩ ሁሉ የልጅሽ ሆነ።

አስቢው፣ እትዬ። ክኒኑን እሷ ዋጠች፤ ራሷን እያዞራት፣ ሌሊት ላብ እያጠመቃት። መርፌውን እሷ ተወጋች። ቱቦዎቿ ተዘግተው እንደሆነ ለማየት በማህፀኗ ቀለም ተረጭቶ ራጅ ሲነሳ ጩኸቷ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። ኮሪደሩ ውስጥ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ነርሷ ወጥታ "አይዞህ አባባ፣ ያልፋል" አለችኝ፤ ልቤ ለእህቴ ልጅ የተሰበረ መስሏት። ውጤቱ ንጹሕ ሆነ፤ ቱቦዎቿ ክፍት ናቸው። ሐኪሙ ግራ ገባውና የመርፌውን መጠን ጨመረ።

ንጉሤ በሽተኛ ነው እያልኩሽ አይደለም። ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ማንም አያውቅም። እንዳይታወቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

አንቺን ደግሞ... እትዬ፣ እዚህ ላይ ብዕሬ ይከብደኛል። የመጀመሪያው ቀን ማታ ሐኪሙ ምን አለ ብለሽ ስትጠይቂኝ ያንኑ ቫይታሚን ነገርኩሽ። ኩባያዋን ከኪሴ ስታወጪ "ይህቺ ምንድናት?" አልሽ። "የስኳር ምርመራ ልሰጥበት ነው" አልኩ። አንቺም "ስኳርማ ከአፍህ ነው የሚወጣው" ብለሽ ስቀሽ፣ አጥበሽ፣ የቁልፍና የመርፌ ማስቀመጫ አደረግሻት። እስከ ሞትሽ ድረስ ከስፌት መኪናሽ አጠገብ ቆማ ነበር። ሸሚዜን በሰፋሽልኝ ቁጥር ከእሷ ውስጥ ቁልፍ ስታወጪ አያለሁ። ዝም።

አንቺ ግን ዝም አላልሽም። ጸሎትሽን አበዛሽ፣ በዚያ በተጎዳ ጉልበትሽ ሰናይትን ይዘሽ ቁልቢ ድረስ ሄደሽ ተሳልሽላት። አልጋ ላይ ከዋልሽ በኋላ ደግሞ አንድ ቀን ከሰዓት፣ መብራት ጠፍቶ በካርቶን ሳራግብልሽ፣ "ከእኔ ነው የወረሰችው" አልሽኝ። "እሷን ከመውለዴ በፊት ሦስት ጨንግፎብኛል፣ ታውቃለህ። የእኔ ማህፀን ክፉ ነው፣ ለልጄ አተረፍኩላት" አልሽ። በሕይወቴ እውነት የመናገሪያ ሰዓት ከነበረ ያ ነው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ምን አልኩ? "አንቺማ ምን አተረፍሽላት፣ የአፍንጫሽን ርዝመት ነው እንጂ!" ሳቅሽ። ስትስቂ ሳልሽ። ሳልሽ ጊዜ ውሃ አመጣሁልሽ፣ ወሬውም በዚያው ቀረ። ከሰባት ቀን በኋላ ሞትሽ።

ጥፋቱን በራስሽ ላይ እንደጫንሽ ሄድሽ። ስላንቺ ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ቀብርሽ አይደለም፤ ያ ሳቅሽ ነው። አታልዬ ያሳቅሁሽ ሳቅ።

አንድ ደግሞ አለ፤ እሱንም ልናዘዝልሽ። ባለፈው ዓመት የሐዲድ ሠራተኛው የወዳጄ የልጅ ልጅ ክርስትና ላይ ነበርን። ሰው ሁሉ በልቶ ጠጥቶ እኔን "ተጫወትልን እንጂ" አለ። ንጉሤ ከሾፌሮች ጋር ተቀምጧል። አፌ አመለጠኝና "ይህ ልጅ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ባዶ መኪና እየነዳ ነው የሚመላለሰው፣ አንድ ቀን እንኳ ጭኖ አይመጣም?" አልኩ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ንጉሤም ሳቀ። ሳቀና ጠርሙሱን ይዞ ውሃ ልቅዳ ብሎ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልተመለሰም። ሰናይት ከማዶ እያየችኝ ነበር። አልተቆጣችኝም። እንዲያውም አብራቸው ሳቀች፤ እኔ እንዳላፍር ብላ።

ማወቅ ያለብሽ ሌላም ነገር አለ። የንጉሤ እናት ከሞጆ በየሳምንቱ ትደውልለታለች። "ልጄ፣ ዕድሜህ እየሄደ ነው፣ መሬቱ ካላበቀለ ሌላ መሬት ይታረሳል" ትለዋለች አሉ። እሱ ለሰናይት አይነግራትም፤ ስልኩን ይዞ ውጭ ይወጣል። እሷ ግን ታውቃለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ክሊኒክ የምትጨነቀው ስለ ልጅ ብቻ አይደለም፣ ትዳሯ በዚያች በምትቀጥለው ክሊኒክ ላይ የተንጠለጠለ መስሏታል።

እንግዲህ "እንቀይር ወይስ እንቆይ?" ብላ ስትጠይቀኝ ምን እንዳልኩ ስሚ። "ቆዩ" አልኳት። አዎ። "ሐኪም መቀያየር ጥሩ አይደለም፣ ይኼኛው ሰውነትሽን ለምዶታል፣ መንገዱም ያደክምሻል፣ የአዲስ አበባ ሐኪም ከሩቅ ሲያዩት ነው እንጂ እሱም ያው ነጭ ጋውን ነው" አልኳት። ደረቴን ነፍቼ፣ እንደሚያውቅ ሰው። እሷ ከሄደች በኋላ ብቻዬን ስቀመጥ ለምን እንዲያ እንዳልኩ ገባኝ። አዲስ አበባ ያለው ሐኪም በአማርኛ ነው የሚያነጋግራት። በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ሰዓት፣ "ባለቤትሽ ተመርምሯል?" ይላታል። እሷ "አይ፣ ማንም አልጠየቀንም" ትላለች። ወይም የድሮው መዝገብ ይላካል፣ እዚያም ላይ "ባል፦ ደህና" የሚል ተጽፏል። ንጉሤ ደግሞ "እኔ የት ነው የተመረመርኩት?" ይላል። ከዚያ በኋላ መሐል ተቀምጦ የነበረው ሰው ማን እንደሆነ ለመገመት መዝገበ ቃላት አያስፈልግም።

ስለዚህ "ቆዩ" ብዬ የመከርኩት ለእሷ አልነበረም፤ ለእኔ ነበር። እስከ ዛሬ የሠራሁትን ፈሪነት ነው እል ነበር፤ ይህኛው ግን ሌላ ነው። አራት ዓመት የተሰቃየችው ልጅሽ ሌላ አራት ዓመት እንድትሰቃይ፣ ለስሜ ስል፣ በገዛ አፌ መከርኳት። ያን ቀን ከሰዓት እህል አልበላሁም። እኔ እህል ካልበላሁ ነገሩ ከባድ መሆኑን ትረጂያለሽ።

ማክሰኞ ብቻዬን ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። ሰናይት አልነበረችም፣ የሚተረጎምለት ሰው አልነበረም። ሐኪሙ እንደ ወትሮው "አቶ" በሚለው በፈረንሳይኛው አጠራር፣ "ሙሴ፣ ዛሬ ደግሞ አንተ ምን ሆንክ?" አለኝ። ተነስቼ ቆሜ ነገርኩት። የቆምኩት ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ፍርድ ቤት የገባሁ መስሎኝ ይሆናል። ያ በየጊዜው የምኮራበት ፈረንሳይኛዬ እንደ ጀማሪ ተማሪ ተንተባተበ። ሲሰማ መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ መዝገቧን አስመጣና ገጹን ገልጦ፣ ያቺን ቃል በጣቱ ነክቶ፣ "ይህችን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ወረቀቱን ሳላይ መጻፍ አልነበረብኝም፣ የእኔም ጥፋት አለበት" አለ። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር። "ግን አንተ ሙሴ፣" አለኝ፣ "ያቺ ልጅ ያን ቀን ራጅ ስትነሳ ውጭ ተቀምጠህ ነበር።"

የክሊኒኩን ነገርም ጠየቅሁት፤ ይቆዩ ወይስ ይሂዱ? "የትም ይሂዱ፣" አለ፣ "እኔን ባያምኑኝ አይፈረድባቸውም። በቋንቋቸው የሚያናግራቸው ሐኪም ካገኙ እንዲያውም ይሻላቸዋል። የትም ቢሄዱ ግን በዚህ ይጀምሩ።" አዲስ የምርመራ ወረቀት ጻፈልኝ። አሁን ይህን ስጽፍልሽ ጠረጴዛው ላይ ናት፣ ባዶውን ብርጭቆ ጭኜባታለሁ ማራገቢያው እንዳይወስዳት።

እትዬ፣ የአንቺን ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ አሁን ሳየው መጠየቁ ራሱ ቀላሉን መንገድ መፈለግ ነው። አንቺ እንደሆንሽ በሕይወት ሳለሽም ሁሌ ይቅር ትይኝ ነበር፣ ለዚያ ነው ያበላሸሽኝ። ይቅርታ የምጠይቀው ከሕያዋኑ ነው። አንድ ነገር ግን ላንቺ ብቻ ልንገርሽ፦ ማህፀንሽ ክፉ አልነበረም። ሰናይትን የመሰለች ልጅ ያፈራ ማህፀን ክፉ አይባልም። ይህን ያን ቀን ከሰዓት፣ በካርቶን ሳራግብልሽ ልነግርሽ ይገባ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱም ምሳ እኔ ዘንድ ይመጣሉ፤ ሰናይት "ቆዩ" ማለቴ አልዋጥ ቢላት "ያን ጊዜ የመጨረሻ ቃልህን ንገረን" ብላኛለች። ንጉሤ እስከዚያ ከጋላፊ ጠረፍ ይመለሳል። ሁለት ቀን አለኝ። ምን ብዬ እንደምጀምር እየተለማመድኩ ነው፤ ትናንት ለመስታወቱ ነገርኩት፣ ሦስተኛው ቃል ላይ ስደርስ ራሴን ሳላውቅ ፈገግ አልኩ። ፊቴ ለቁም ነገር አልተሠራም መሰለኝ። ለሰናይት ብቻዋን ልንገራት ወይስ ለሁለቱም አንድ ላይ እያልኩ አወጣለሁ አወርዳለሁ። ለእሷ ብቻ ብነግራት፣ ያንን የኩባያ ነገር ለባሏ የምትነግረው እሷ ትሆናለች፤ እንደገና የእኔን ሸክም በእሷ ማስያዝ ነው። ለሱ ለብቻው ነው መንገር ያለብኝ፤ ያኔም እንደዚያ ነበር መሆን የነበረበት። እሱን ግን ለብቻው የት አገኘዋለሁ? ከእሷ ሳይለይ ይመጣል፣ ሳይለይ ይሄዳል።

አልረሳሽም፣ እትዬ። የሙት ዓመትሽን አላጓደልኩም፣ ወደፊትም አላጓድልም። መቃብርሽን የባሕሩ ነፋስ አቧራ ሲያለብሰው እየሄድኩ አጥባለሁ። እዚያም ስደርስ እስከ ዛሬ እንደማደርገው የሰፈር ወሬ እያሳመርኩ አልነግርሽም። የሆነውን እንደሆነው እነግርሻለሁ፤ አስታዋሽሽ ውሸታም እንዲሆን አልፈልግም። ስለ ምርመራው ውጤትም፣ መልካምም ይሁን ክፉ፣ ከማንም በፊት...

ቆይ፣ በሩ ተንኳኳ። ሐዋ ናት መሰለኝ፤ ዓርብ በዚህ ሙቀት ሌላ ማን ደጅ ይቆማል?

ሐዋ አይደለችም። በመስኮት አየሁት፣ ንጉሤ ነው። ዛሬ ጋላፊ መሆን የነበረበት ንጉሤ። ብቻውን ነው። በበሩ ስንጥቅ እያናገረኝ ነው፤ ከጋላፊ ቀድሞ ተመልሷል፣ ኮንቴይነሩም ሳይጠበቅ ከወደቡ ቶሎ ወጣለት፣ እሑድን መጠበቅ አልቻሉም፣ አሁኑኑ ወደ አዲስ አበባ ሊነሱ ነው። ሰናይት ከነሻንጣዋ ጋቢና ውስጥ ተቀምጣለች፤ መኪናው ጠባቡን መንገድ ስለማይገባ አስፋልቱ ላይ ቆሟል፣ እሷም እሱን ልካዋለች። "ጋሼ፣ ቆዩ ብለዋታል፣ እሷ ግን ልቧ አልረጋም። ቅር ሳይሰኙብን መርቀው ይሸኙን" ይላል።

ሊመረቅ ነው የመጣው፣ እትዬ። ገና በሩን ሳልከፍትለት ጎንበስ ብሎ እየጠበቀ ነው።

ወረቀቷን ከብርጭቆው ሥር አነሳሁ። አስገባዋለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ፣ ወንበር እሰጠዋለሁ። ከመመረቄ በፊት "ንጉሤ ልጄ፣ የዛሬ አራት ዓመት ሐኪሙ ስላንተ የተናገረውን ደብቄሃለሁ" እለዋለሁ። ከሰማኝ በኋላ ምርቃቴን የሚፈልግ ከሆነ፣ ያን ጊዜ እመርቀዋለሁ።